የልዋን ቤት ዋኖስ

«ሽማግሌው ልዋን ሳንባው ውስጥ እብጠት ወጥቶበታል። ለቺንግሚንግ ካይት ላይ ጽፎ ይለቀዋል።»

እትዬ ኮው ይህን ጠዋት ሽንኩርት ስትገዛ አለችው። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት አጥር ተደግፋ አለችው። ሲመሽ ሰሚ ቢጠፋ ውሻዋን እያስገባች ለውሻዋ አለችው። ወሬ እትዬ ኮው ዘንድ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይነፋል። መጀመሪያ እብጠቱ የአተር ፍሬ ያህል ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ የዳክዬ እንቁላል አከለ።

በባይላንግ ወንዝ ዳር መንደሮች እንዲህ ያለው ወሬ ተራ ወሬ አይደለም። መቃብር በሚጠረግበት በቺንግሚንግ ቀን፣ ሕመም ያለበት ሰው የሕመሙን ስም በካይት፣ በክር ታስሮ ነፋስ በሚያነሣው የወረቀት ወፍ፣ ክንፍ ላይ ይጽፍና ሰማይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ክሩን ይቆርጠዋል። ካይቱ በሽታውን አዝሎ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ የሚጨነቅ የለም፣ የሚወድቅበት ቤት ባለቤት ካልሆነ በቀር። የወደቀ ካይት በእጅ አይነካም። ክንፉ ላይ ያለው አይነበብም፤ ስሙን ያነበበ ሰው በሽታውን «ቤት ለእንግዳ» እንዳለው ይቆጠራል። መድኃኒቱ ሸፍኖ ማቃጠል ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ የበጠሰውም፣ ቀኑን ሙሉ በስልኩ ዓለምን ሲያዝ የሚውለውም፣ ካይት ግቢው ሲወድቅ ዓይኑን ጨፍኖ ክብሪት ሲፈልግ ታገኘዋለህ።

ወሬው እንደ እሾህ የወጋው ግን ዩዠንን ነበር። ሽማግሌው አባቷ ነውና።

ዩዠን ከወንዙ በስተደቡብ፣ በባሏ በዶንግ መንደር ትኖራለች። የአባቷ ቤት ድልድዩን ተሻግሮ በስተሰሜን ነው። እዚህ ጭስ ቢነሳ እዚያ ይታያል፤ እዚያ ውሻ ቢጮህ እዚህ ይሰማል። ያን ያህል ቅርብ ነው። ድልድዩን ከረገጠች ግን ዓመታት አልፈዋል።

የልዋን ቤት ስሙ የተጠራው በአንዲት ካይት ነው፤ ጭራዋ እንደ መቀስ በተከፈተ፣ ደረቷ በሰፋ ጥቁር ዋኖስ። ሌላው ሰው የሚሠራት ዋኖስ ትበራለች። የልዋን ዋኖስ ግን አየር ላይ ትቀመጣለች፣ ወንበር እንደተሰጣት እንግዳ። ምስጢሩ ከወረቀቱ አይደለም፤ ከቀለሙም አይደለም፤ ከቀርከሃ አጽሟ ነው። በዚያ ቤት «እናት አጽም» የምትባል አንዲት አሮጌ የቀርከሃ አጽም ነበረች። ከምድጃው በላይ ተሰቅላ በአያት በቅድመ አያት ጭስ እንደ ከሰል የጠቆረች፣ ወረቀት ለብሳ የማታውቅ። አዲሱን ቀርከሃ በእሳት እያሞቁ የሚያጎብጡት እሷ ላይ እየለኩ ነው። ዋኖስ ገዝቶ፣ ወረቀቷን ገፎ አጽሟን ለመቅዳት የሞከረ ሞልቷል፤ ወረቀቱ ሲነሳለት ግን ቀርከሃው ልጓም እንደወለቀለት በቅሎ ይፈናጠራል፤ ልኩ ይጠፋል። ቅርጿን የማትለቅ በጭስ የደነደነችው እናት ብቻ ናት።

ዩዠን በልጅነቷ ወረቀት ለጠፈች፣ ክንፍ ቀባች፣ ክር ገመደች፣ የዛፍ ቅጠል አይታ የነፋስ ልብ ማወቅ ተማረች። አጽሙ የሚጎብጥበት ሰዓት ሲደርስ ግን መጋረጃው ይወርድና «አንቺ ውጪና ሙጫውን አማስዪ» ትባላለች። ልጅነቷን ሙሉ ሙጫ ስታማስል ኖረች። ዳሯት። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የዘመድ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ሥራውም እናት አጽምም ለወንድሙ ልጅ ለባውቹን ይሁን አሉ፤ ቀርከሃን ከሸንኮራ አገዳ ቀምሶ ለሚለየው ለባውቹን።

ዩዠን በዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሀል ተነሥታ «ለምን?» አለች።

አባቷ የሻይ ስኒውን እንጂ እሷን አላየም። «ያገባች ሴት ልጅ የፈሰሰ ውሃ ናት» አለ። ቃሉ የእሱ አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ያሉት ነው። ያን ቀን ግን ከእሱ አፍ ወጣ።

«እንግዲያው ሲጠማህ ባውቹንን ጠጣ» አለችውና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በራሷ ግቢ የራሷን ዋኖስ ትሠራለች። በቀለም አባቷን ትበልጠዋለች፤ ይህን ጠላቶቿም አይክዱም። የከተማ ሰዎች ለሳሎን ግድግዳ ይገዙላታል። አየር ላይ ስትወጣ ግን ዋኖሷ ወደ ግራ ታጋድላለች፣ የሰከረ ሰው እንደምትደግፍ ሚስት። አጽሙን በግምት ስንቴ እንዳጎበጠች፣ ስንቴ እንደሰበረች የሚያውቀው ምድጃዋ ብቻ ነው። ለማንም ያልነገረችው ምኞት ነበራት፤ ያቺን እናት አጽም አንድ ጊዜ በእጇ ይዛ መለካት፣ ከዚያም አባቷ እያየ የማታጋድል ዋኖስ ማውጣት። ለዶንግ እንኳ አልነገረችውም። ዶንግ ግን ያውቃል፤ ባሎች አንዳንድ ጊዜ ያውቃሉ።

የቺንግሚንግ ዋዜማ እትዬ ኮው በሳህን የሊጥ ዋኖሶች፣ የበዓሉን ባለ ወፍ ቅርጽ ዳቦ፣ ይዛ መጣች። ሳህኑ ሰበብ ነው።

«ሰማሽ አይደል?»

«ካንቺ ጋር ተጎራብቶ ያልሰማ ቢኖር ነገ መቃብሩ የሚጠረግለት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ባውቹን ጥሩ ወረቀት ሲገዛ ታይቷል። ሽማግሌው ራሱ ነው የሚሠራት አሉ፤ በር ዘግቶ። ለሽያጭ ቢሆን በር ይዘጋል?»

«ካይት ሠሪ ወረቀት ገዛ። ነገ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ገዛ ብለሽ ነይ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው፣ የኔ እህት። ሳንባ ላይ ነው። እብጠቱ ደግሞ…»

«ትናንት የዳክዬ እንቁላል ነበር። ዛሬ የዝይ ሆነ?»

በር ላይ ጎማ ሲለጥፍ የነበረው ዶንግ ሳቀ። እትዬ ኮው አልሳቀችም። ሳህኗን አስቀመጠችና የበሩን ጨርቅ በጣቷ አሳየች። ጨርቁ ወደ ውስጥ ይውለበለባል።

«ነፋሱን እዪ እንግዲህ። በዚህ ወቅት ሁልጊዜ ከደቡብ ነበር የሚነፍሰው፤ የማዶ ሰው መከራ እዚያው ማዶ ይቀራል። ዘንድሮ ከሰሜን ዞሯል። ወደኛ።»

ከሄደች በኋላ ዶንግ ጎማውን ትቶ እጁን ጠራረገ።

«ውሸት ሊሆን ይችላል» አለ።

«ነው።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆን ምን?»

«አባትሽ ናቸው። ነገ ድልድዩን ብንሻገር እግራችን አይሰበርም።»

ሳህኑን አንሥታ ገባች። ማታ ግን እንቁላል ስትቀቅል አያት፤ ሁለቱ ከሚበሉት በላይ ቀቀለች። በማግስቱ ጠዋት እንቁላሎቹን ከተመረጡ የሊጥ ዋኖሶች ጋር በንጹሕ ጨርቅ ስትቋጥር ደግሞ አያት።

«ልንሄድ ነው?» አላት ቀስ ብሎ፣ ወፍ እንዳትበርበት እንደሚጠነቀቅ ሰው።

«እንቁላል ቋጠርኩ እንጂ ይቅርታ አልቋጠርኩም» አለችው። የምታጠልቀው ግን የሩቅ መንገድ ጫማዋን ነበር።

በቺንግሚንግ ቀን በነዚያ መንደሮች ምድጃ አይለኮስም፤ ትናንት የበሰለው ቀዝቅዞ ይበላል። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ከማዶ ብዙ ካይት ተነሥቷል፤ ዓሣ፣ ንስር፣ ረጅም ባለ ብዙ ክብ እባብ። አልፎ አልፎ አንዱ ክሩ ይቆረጥና እንደ ተተኮሰ ወፍ እየተገለባበጠ በወንዙ ላይ ይሄዳል።

ዩዠን አንዱን ጫማ አስራ ሁለተኛውን ስታነሣ ዶንግ «ቀና በይ» አላት። የድምፁ አወጣጥ አላማራትም።

ጥቁር ዋኖስ ናት። ክር የላትም፤ ግን አትገለባበጥም። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝግ ብላ ትወርዳለች። የባሕር ዛፎቹን አለፈች፣ የእትዬ ኮውን ጣሪያ አለፈች፣ ከተሰቀለው ቃሪያና ከጎመን ጋኑ መሀል፣ ከዩዠን ግቢ ከእምብርቱ አረፈች። አንድ ክንፏ እንኳ አልታጠፈም።

ዩዠን የአንድ እግር ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ነፋስ አመጣት ይል ነበር። እሷ ግን የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለች። አባቷ ነፋስን እንደ በሬ አፍንጫውን ይዞ የሚስብ ሰው ነው። በጉልምስናው ከወንዙ ዳር ሆኖ የፈለገው አጥር ላይ ካይት ያሳርፍ ነበር፤ ክሩን የት ላይ ለቆ የት ላይ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ይህቺ አልወደቀችም። ተልካ ነው የመጣችው።

ጎረቤት በር ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ኮው ፊት ነበረች።

«አላልኩም?» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

«ቆዩ» አለ ዶንግ፤ «በዱላ ገልብጠን ምን እንዳለባት እንይ።»

«አይነበብም» አሉት ከበሩ።

«እኔ ላንብበው። የኔን ሳንባ እንደሆነ ትምባሆ ቀድሞ ተከራይቶታል።»

«ማንም አያነብም» አለች ዩዠን።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዶንግ ያነሣውን ዱላ የጣለውም ለዚያ ነው። ቋጠሮዋን ደረጃው ላይ አኖረች። ከግድግዳው ሥር የበቆሎ አገዳ አቀፈችና፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ዋኖሷ ላይ ቆለለችው፤ እንደ ሥርዓቱ ሳትነካት፣ ሳታያት። ሌላ እቅፍ ጨመረች። ጥቁሩ ወረቀት ፈጽሞ እስኪሸፈን ድረስ።

«ውሃውን አፍስሶ ነበር» አለች ክብሪቱን እየጫረች፤ «አሁን እጣቢውን ጨመረበት።»

አገዳው ተቀጣጠለ። ወረቀቱ ወዲያው ሄደ። ቀርከሃ ሲነድ አንጓው እንደ ርችት ይንጣጣል፤ የዚያ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ በሩ ላይ የቆሙትም ያንን ድምፅ ሲጠብቁ ጆሯቸውን ያዝ አድርገው ነበር። አልተንጣጣም። እሳቱ እንደ አሮጌ ቤት ምሰሶ ዝም ብሎ በላው። የዩዠን ጆሮ ይህን ሰማ። ልቧ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ አባቷን እየሰደበ። ልብ ሲሳደብ ደግሞ ጆሮን አያዳምጥም።

ነፋሱ ወደቀ። ምድጃ በማይለኮስበት ቀን ከመንደሩ ሁሉ የእሷ ግቢ ጭስ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እትዬ ኮው» አለች ዩዠን፣ ወደ በሩ ሳትዞር።

«እመት።»

«ለወሬ እግርሽ አያርፍምና ማዶ ስትሄጂ ለአባቴ ንገሪልኝ። የላከው ደርሶኛል። አቃጥዬዋለሁ በይው።»

የሩቅ መንገድ ጫማዋን አወለቀች። እንቁላሎቹን ዶንግ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በላቸው፤ አንዱን ልጦ ሊሰጣት ሲል ፊቷን አየና ራሱ ጎረሰው። አመዱን በማግስቱ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ በተነችው። ጥሩ አመድ ነበር፤ ጥቁርና ደቃቅ።

ሽማግሌው ልዋን ስንዴው ሳይታጨድ ሞተ። ልቡ ነው አሉ፤ ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ። እትዬ ኮው ለአፍታ እንኳ አላፈረችም። «ልብም ሳንባም ያው ደረት ውስጥ ነው» አለች።

ዩዠን የሐዘን ነጭ ለብሳ ድልድዩን ተሻገረች። ያገባች ሴት ልጅ በምትንበረከክበት ቦታ፣ ከኋላ ተንበረከከች። እንደ ልማዱ ወራሽ ከሬሳው ፊት የሚሰብረውን የሸክላ ሳህን አንሥቶ የሰበረው ባውቹን ነው፤ ሲሰብር እንኳ ሊደቅ የሚገባው ሳህን ለሁለት ብቻ ተከፈለ። አላለቀሰችም። የዘመድ ሽማግሌዎቹ አለማልቀሷን አዩላት፤ አስቀመጡላት። ባውቹን ግን ከሬሳው ይልቅ እሷን ነበር የሚያየው፣ የሆነ ነገር ቃል ተገብቶለት እንደሚጠብቅ ሰው። የሚያፌዝባት መሰላት። ቀብሩ እንዳለቀ ውሃ ሳትጠጣ ተመለሰች።

ሙቀቱ በገባ ጊዜ ባውቹን በባለ ሦስት እግር ሞተሩ ግቢዋ ድረስ መጣ። ከስቷል። ጣቶቹ በቀርከሃ ስንጥር ተበልተዋል። ያልተለኮሰ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እንግዳ እንዳልሆነ ሰው ከጎመን ጋኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«እቴ ዩዠን፣ ሐዘኑ ላይ ሽማግሌዎቹ ስለነበሩ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ አንቺ ትልኪብኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አሁን ግን ሥራው ቆሟል። የሠራሁት ሁሉ ይወድቃል። ያንቺ እንኳ ቢያንስ ያጋድላል፤ የኔ ጭራሽ አይነሣም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ? ሙጫ ላማስልልህ?»

«አጽሟን አውሺኝ። መልሺ አላልኩም። አውሺኝ። እዚሁ እየመጣሁ ልለካ፣ አንቺው እያየሽ።»

«የቷን አጽም?»

«እናትየዋን።»

ዩዠን ሳቀች። «ወረስክ እኮ፣ ባውቹን። ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሰጠህ። ከምድጃህ በላይ እይ።»

«ከምድጃዬ በላይ ሚስማሩ ነው ያለው» አለ ባውቹን። «እኔ ፊት እንኳ ይህ ጨዋታ ይቅር፣ እቴ። ክሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

«የምን ክር?»

ባውቹን ሲጋራውን ከጆሮው አወረደ፤ ግን አልለኮሰውም። ፊቷን አየ። የምታስመስል እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አየ።

«አጎቴ ለአባታቸው ምለው ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «አልጋ ላይ ሆነው ሲያጣጥሩ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ። እናት አጽም ከዚህ ቤት በር በሴት ልጅ እጅ አትወጣም ብለው። መሐላ አፍርሰው ከአባታቸው ጎን መተኛት ፈሩ። አንቺ ያን ቀን ከወጣሽ በኋላ ግን ዕረፍት አልነበራቸውም። አንድ ቀን ሙጫ እያማሰልኩ ‹ነፋስ በር የለውም፤ እጅም የለውም› አሉኝ። አረጁ ብዬ ዝም አልኩ። ለካ የምራቸውን ነው። በየቺንግሚንጉ ወንዙ ዳር ይወጡና ነፋሱን አይተው ይመለሳሉ፤ ሁልጊዜ ከደቡብ ነው። ዘንድሮ ዞረላቸው። በሩን ዘጉና ወረቀት አለበሷት፤ ዕድሜዋን ራቁቷን የኖረችውን። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ዋኖስ አደረጓት። ግቢሽ መሀል እስክታርፍ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።»

ዶንግ ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዩዠን አላየችውም። ነጭ ሽንኩርቱን ነበር የምታየው። ዘንድሮ ቅጠሉ ጠቁሮ ለምልሟል።

«በሽታውስ?» አለች። «ክንፏ ላይ የተጻፈው?»

«የምን በሽታ? ያን ጊዜ ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነበሩ። ምንም አልጻፉም።»

«አንተስ ዝም አልክ? ያንተ ነበረች እኮ።»

«ደስ አላለኝም» አለ ባውቹን። «ግን ስንት ቀርከሃ እንደምሰብር አብረን እናያለን። ‹እሷ ትሥራ፤ አንተ ከእሷ ትማራለህ› አሉኝ። ምን ልበል? እውነት ነው።»

ዩዠን ለመናገር አፏን ከፈተች። የሚወጣው ቃል ምን እንደሚያደርጋት ታውቅ ነበር፤ የልዋንን ዋኖስ ከምድር ያጠፋች ሴት፣ የእትዬ ኮውን ወሬ አምና። ዝም ብትል ደግሞ ደብቃ የያዘች ትሆናለች፣ የተከበረችና የተፈራች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለች። ከዚያ ኩራቷ እንኳ ደከመው።

«አቃጠልኳት፣ ባውቹን። ሰው ሁሉ አይቷል።»

ባውቹን ፈገግ አለ። «ይህንንማ እትዬ ኮው በዚያው ቀን መጥታ ነግራናለች። አጎቴ ሳቁ። ‹ሌላ ምን ትበል? ሽማግሌዎቹ እኔን እንዳይጠይቁኝ ብላ ነው› አሉ። ብልህ ናት፣ የኔ ልጅ ናት አሉ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ወንዙ ዳር እየወጡ ወደዚህ ግቢ ሰማይ ያንጋጥጡ ነበር፤ የማታጋድለዋ መቼ ትነሣ ይሆን እያሉ። የሞቱ ዕለትም ጫማ የሚያጠልቁት ለዚያ ነው።»

«ባውቹን» አለች። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ፤ የዩዠንን ዓይን ተከትሎ አመዱ የተበተነበትን የሽንኩርት መደብ አየ፣ ከዚያ ዶንግን አየ። ዶንግ አንገቱን ደፋ።



«ጭሱንስ አይቶት ነበር?» አለች ዩዠን።

ባውቹን ሲጋራውን በጣቶቹ መሀል አደቀቀው።

«አብረን ነው ያየነው። ያን ቀን ከመንደራችሁ ሌላ ጭስ አልነበረም። ‹አየሃት?› አሉኝ፤ ‹እስክትበላ እንኳ አልታገሠችም። ቀርከሃ ማሞቅ ጀመረች።›»